ተከታይ ሁሉ ፖስትዎን ለምን አያይም?

ደብረ ማርቆስ የቡሬ በርበሬ አስፈጭታ የምትሸጥ እህቴ ግራ ገብቷት ጠየቀችኝ፦ «ሦስት ሺህ ተከታይ እያለኝ ፖስቴን ያየው መቶ ሰው አይሞላም። ሌላው የት ገባ?»

የትም አልገባም። ፌስቡክ ላይ «ተከታይ» ማለት ሊያይ የሚችል እንጂ ያየ ማለት አይደለም። ለማን ምን እንደሚቀድም የሚወስነው አልጎሪዝም የሚባለው ስሌት ነው፤ ሰውየው የማንን ፖስት ከፍቶ እንዳየ፣ የት ኮሜንት እንደጻፈ እያየ ይመርጣል። እህቴ ደግሞ የምትለጥፈው በወር አንዴ ነበር። ስትጠፋ ደንበኛው ገጿን የሚነካበት አጋጣሚ የለም፤ በእሷ ቦታ ሌላው ይታያል።

በየቅዳሜው አንድ ቦታ የምትቀመጥ ቅቤ ሻጭ አስቡ። ደንበኛዋ ሳይጠይቅ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አንድ ገበያ መጥታ ሦስት የምትቀረውን ግን ማን ብሎ ይፈልጋታል?

ቲክቶክ ተከታይ ላልሆነም ሰው ስለሚያሳይ እያንዳንዱ ቪዲዮ አዲስ ገበያተኛ ሊያመጣ ይችላል። የቴሌግራም ቻናል ይለያል፤ የተለጠፈው ለአባላቱ በቅደም ተከተል ይደርሳል። እዚያ ማብዛት ሰውን ያሰለቻል፣ ድምፁን ዘግቶ ይተወዋል።

ስለዚህ ሳያቋርጡ መለጠፍ ያስፈልጋል። ይህ ግን በቀን አሥር ጊዜ ማለት አይደለም፤ የሚዘልቁበትን ልክ መያዝ ነው። በእኔ እምነት በሳምንት ሁለቴ ለአንድ ሰው ሱቅ ይበቃል። እህቴ ማክሰኞና ዓርብን መርጣለች፦ አንዴ ዛላው ፀሐይ ላይ ሲሰጣ፣ አንዴ ሲቀነጠስ ታሳያለች። ትናንት ከባሕር ዳር አንዲት እናት «የዘንድሮ ነው?» ብለው ጻፉላት፤ ወዲያው መለሰችላቸው።