«ተጠምቄያለሁኮ!» ስለ ጥምቀትና አባልነት በተሳሳተ መንገድ የምናስባቸው ነገሮች

ድሬዳዋ ላይ ባሉ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የጥምቀት ትምህርት በተጀመረ ቁጥር የሚነሱት ነገሮች ያው ናቸው። ደግሞ ከአዲስ ሰው ብቻ አይደለም፤ ጸጉሩ የሸበተ አባልም ይላቸዋል።

«የተጠመቀ ሁሉ አማኝ ነው።»

አይደለም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን እዩ። የሰማርያው ጠንቋይ ሲሞን አምኛለሁ ብሎ ተጠመቀ፣ ከፊልጶስም አልለይ አለ። ሐዋርያት እጅ ሲጭኑ ሲያይ ግን ሥልጣኑን ሊገዛ ብር አወጣ። ጴጥሮስም ልብህ ቀና አይደለም አለው። ውኃውማ ነክቶታል፤ የጎደለው ንስሐ ነው።

የዛሬው ሲሞን ብር ይዞ አይመጣም። የሠርግ ቀን ቆርጦ ነው የሚመጣው። እጮኛው አማኝ ናት፣ ቤተሰቦቿ «ካልተጠመቀ ልጃችንን አንሰጥም» ብለዋል፣ አዳራሽ ተይዟል፣ ካርድ ታትሟል። ሽማግሌዎቹ «ጌታን እንዴት አገኘኸው?» ሲሉት ዞር ብሎ እሷን ያያል። እንዲህ ያለውን ሰው አቆይቶ ማስተማር ጭካኔ አይመስለኝም። በደሉ ቶሎ ማጥመቁ ነው። ከሠርጉ በኋላ ሰልችቶት ሲቀር፣ እሑድ እሑድ ብቻዋን የምትቀመጠው እሷ ናት።

«እምነት ካለ ጥምቀት ምን ያደርጋል? ወንበዴውም ሳይጠመቅ ገነት ገብቷል።»

ገብቷል። ግን ሰውዬው መስቀል ላይ ነበር! ከሳቢያን ሰፈር ወደ ከዚራ በባጃጅ የሚመላለስ ሰው ምን አገደው? በበዓለ ሃምሳ ቀን ቃሉን የተቀበሉት ያኔውኑ ተጠምቀዋል።

«ወራጅ ውኃ ካልሆነ አይሆንም።»

ይህን የሚል ሰው የድሬን ወንዝ ደቻቱን አላየም። አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው፤ ሲመጣ ደግሞ እንደ 1998ቱ ክረምት ሰውና ቤት ጠራርጎ ይሄዳል። የፊልጵስዩስ ወኅኒ ጠባቂ በሌሊት ሲጠመቅ መጽሐፉ ወንዝ አላነሳም። ገንዳ ይበቃል።

«ጴንጤ ሕፃን አያጠምቅም።»

ሉተራዊቷ መካነ ኢየሱስ ታጠምቃለች። ሙሉ ወንጌል፣ ቃለ ሕይወትና መሠረተ ክርስቶስ ግን ራሱ አምኖ የመሰከረውን ነው የሚያጠምቁት።

በእኛው በኩልም «ኦርቶዶክሶች ጥር 11 በየዓመቱ ይጠመቃሉ» የሚል አይጠፋም። ስሕተት ነው። ጸሎተ ሃይማኖታቸው በአንዲት ጥምቀት እናምናለን ይላል። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ይነሳሉ፣ አይደገምም። ጥር 11 የጌታ ጥምቀት በዓል ነው። ታኅሣሥ 19 ልጁን ቁልቢ ወስዶ ክርስትና የሚያስነሳም ስለቱን ማድረሱ ነው፤ ጥምቀቱ ሰፈር ካለው አጥቢያ ጥምቀት አይለይም።

«ከተጠመቅኩ የትም አባል ነኝ።»

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቀየማል። ድሬ፣ ባቡር በ1895 ዓ.ም. ከደረሰላት ጀምሮ የእንግዳ ከተማ ነች። አንዱ ከአዲስ አበባ ተዛውሮ፣ ሌላው ለንግድ ይመጣል። ገና በሁለተኛው ሳምንት መዘምራን ውስጥ ካልገባሁ ይላል። አምኖ የተጠመቀ ሰው እንደገና ይጠመቅ አይባልም። ይልቅ ከነበረበት ቤተ ክርስቲያን መሸኛ ደብዳቤ ይጠየቃል፤ ሽማግሌዎች እምነቱንና ኑሮውን ይጠይቁታል፤ የቤተ ክርስቲያኑን ትምህርትና ሥርዓት ይማራል። አሥራት መክፈል ይህን አይተካም። መሸኛ ማምጣት ያልቻለ ሰውም አይባረርም፤ የቀድሞ አገልጋዮቹ ጋ ስልክ ይደወላል፣ ወይም የሚያውቀው አማኝ ይመሰክርለታል። እስከዚያ መዝሙሩን ከጉባኤው ጋር ይዘምር።