ስትሬስና የዲፕሬሽን መድሀኒት በሴትና በወንድ ኢሚዩን ሲስተም ላይ

ስትሬስ በሽታ የመከላከል አቅምን እንደሚነካ ከታወቀ ቆይቷል፣ ሀንስ ሰልዬ የሚባል ተመራማሪ በፈረንጆቹ 1936 አይጦችን በብርድ በቁስል ምናምን ሲያስጨንቃቸው ከኩላሊት በላይ ያለው አድሬናል እጢያቸው አብጦ ቲመስ የሚባለው የመከላከያ ሴሎች የሚያድጉበት እጢ ደግሞ ሟሽሾ ነው ያገኘው። ሴትና ወንድ ላይ እኩል ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ግን በደንብ የተነሳው በጣም ዘግይቶ ነው።

የሴቶች ኢሚዩን ሲስተም በአማካይ ጠንከር ያለ ነው፣ ለኢንፍሉዌንዛ ክትባት እንኳን ብዙ ጊዜ ከወንዶች የበለጠ አንቲቦዲ፣ ማለትም ጀርም የሚዋጋ ፕሮቲን፣ ያመርታሉ። ግን ይሄው ጥንካሬ ዞሮ ራሳቸውን ያጠቃቸዋል፣ ኦቶኢሚዩን በሽታ (መከላከያው የራሱን ሰውነት የሚያጠቃበት) ካለባቸው ሰዎች ወደ 80 ፐርሰንቱ ሴቶች ናቸው፣ ከነዚሁ በሽታዎች አንዱ በሆነው ሉፐስ ላይማ ከ10 ታማሚ 9ኙ ሴት ነች። ወንዶች ላይ የሚበዛው ሆርሞን ቴስቶስትሮን ኢሚዩን ሲስተሙን ያዝ ያደርገዋል፣ ሴቶች ላይ የሚበዛው ኢስትሮጅን ደግሞ እንደ መጠኑ አንዴ ያነሳሳዋል አንዴ ያበርደዋል፣ በዛ ላይ ሴቶች ሁለት ወንዶች አንድ ያላቸው ኤክስ ክሮሞዞም ራሱ ብዙ የመከላከያ ጂን ተሸክሟል።

ስትሬስ ሲመጣ አድሬናል ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ይለቃል፣ ኮርቲሶል ደግሞ ኢንፍላሜሽንን ማለትም ብግነትን ያበርዳል። ጭንቀቱ ለወራት ከቆየ ግን ሴሎቹ ኮርቲሶሉን መስማት ያቆሙና ኢንፍላሜሽኑ ቀስ እያለ ይቀጥላል፣ ዲፕሬሽን ካለባቸው ብዙ ሰዎች ደም ውስጥ ሲአርፒና ኢንተርሉኪን 6 የሚባሉት የኢንፍላሜሽን ምልክቶች ከፍ ብለው የሚገኙበትም አንዱ ምክንያት ይሄ ሳይሆን አይቀርም። ሰው ፊት ንግግር አድርጉ ሂሳብ ስሩ እየተባለ በሚደረግ የስትሬስ ቴስት ላይ ወንዶች ብዙ ጊዜ የበለጠ ኮርቲሶል ይለቃሉ፣ የወሊድ መከላከያ ፒልስ የሚወስዱ ሴቶች ደግሞ ምላሻቸው ዝቅ ይላል፣ ስለዚህ "ሴት" ብሎ አንድ ላይ መጠቅለሉ ራሱ አያስኬድም።

ለኔ ከሁሉም የሚገርመው ካሊፎርኒያ ዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ ተሰርቶ በ2015 የወጣው ጥናት ነው። ጤነኛ ሰዎች ትንሽ ኢንዶቶክሲን የሚባል የባክቴሪያ መርዝ ተወግተው ኢንፍላሜሽን እንዲነሳባቸው ተደረገ፣ ደማቸው ላይ የታየው ለውጥ ሴትም ወንድም ተቀራራቢ ነበር፣ ስሜታቸው ላይ ግን ሴቶቹን የበለጠ ደበታቸው፣ ከሰው የተቆረጡ ያህል ብቸኝነት ተሰማቸው። ኢንፍላሜሽኑ አንድ ሆኖ ሳለ ማለት ነው!

የዲፕሬሽን መድሀኒቶቹስ? እነ ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን የሚሰሩት ሴሮቶኒን የሚባል መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል ላይ ነው፣ አብዛኛው የሰውነት ሴሮቶኒን ያለው ደግሞ አንጎል ሳይሆን አንጀት ውስጥ ነው፣ ደም የሚያረጋው ፕላትሌትም የመከላከያ ሴሎችም ሴሮቶኒን የሚያስገቡበት በር አላቸው፣ ስለዚህ መድሀኒቱ ኢሚዩን ሲስተሙን መንካቱ የግድ ነው። ኢሚዩን ሲስተሙን በሚያነሳሳው ኢንተርፌሮን የሚታከሙ የሜላኖማ (የቆዳ ካንሰር) ታማሚዎች አስቀድመው ከነፍሉኦክሰቲን ወገን የሆነው ፓሮክሰቲን ሲሰጣቸው በህክምናው ምክንያት የሚመጣው ዲፕሬሽን በጣም ቀንሶ ታይቷል፣ ይሄ በ2001 የወጣ ነው።

የሚያናድደው ዲፕሬሽን ሴቶች ላይ እጥፍ ገደማ ሆኖ ሳለ የላብራቶሪው ስራ በወንድ አይጥ መሞላቱ ነው፣ በ2011 የወጣ አንድ ዳሰሳ ኒውሮሳይንስ ውስጥ በወንድ እንስሳ ብቻ የተሰሩት ጥናቶች በሴት ብቻ ከተሰሩት 5.5 እጥፍ እንደሚበልጡ አሳይቷል። አሜሪካ ውስጥም የመድሀኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ መውለድ የሚችሉ ሴቶችን ከ1977 ጀምሮ ከመጀመሪያ ደረጃ የመድሀኒት ሙከራ አስወጥቶ እገዳውን ያነሳው በ1993 ነው፣ ፍሉኦክሰቲን የተፈቀደው በዚሁ መሀል በ1987 ነበር።

ለያይተው ሲያዩት ግን ልዩነቱ ይወጣል። በ2000 የወጣ ዲፕሬሽናቸው በቆየባቸው 635 ሰዎች ላይ የተሰራ ጥናት ሴቶች በሰርትራሊን ወንዶች ቀደም ባለው የዲፕሬሽን መድሀኒት በኢሚፕራሚን የተሻለ እንደሚሻላቸው አገኘ፣ የሴቶቹ ልዩነት የታየው ግን የወር አበባ ገና በሚያዩት ላይ ነው፣ ባረጡት ላይ ሁለቱ መድሀኒቶች ተቀራራቢ ነበሩ።