ፕሪንተሩ ተጨምሮ ለምን አያትምም?
በዩኒክስ ላይ የፖስትስክሪፕት (የገጽ መግለጫ ቋንቋ) ፕሪንተር በካፕስ፣ ማለትም በማተሚያ ሥርዓቱ፣ ስትጨምሩ ብዙውን ሰው የምታደናግረው ትልቋ የእንግሊዝኛ ፊደል ኢ ናት። ፕሪንተር በሚጨምረው የኤልፒአድሚን ትዕዛዝ ውስጥ ሥራዋ እንደ ቦታዋ ይለያያል። ከትንሿ ፒ፣ ማለትም ከፕሪንተሩ ስም በፊት ከመጣች ከሰርቨሩ ጋር ያለው ግንኙነት እንዲመሰጠር ታዛለች፤ ከስሙ በኋላ ከመጣች ግን ፕሪንተሩን ታስነሳለች፣ ሥራ እንዲቀበልም ትፈቅዳለች። አዲስ ፕሪንተር ሲፈጠር ዝግ ነው። ስለዚህ ኢን ፊት ላይ ብቻ ከጻፋችሁ ትዕዛዙ ብዙ ጊዜ ያለ ምንም ቅሬታ ያልፋል፣ ወረቀት ግን አይወጣም። ሁለት የተለያዩ ፊደላት ቢመድቡላቸው ምን ነበረበት!

ፒም ተጠንቀቁላት። ትንሿ ስሙን፣ ትልቋ የፒፒዲ ፋይሉን ታመለክታለች፤ ፕሪንተሩ የሚችላቸው የወረቀት መጠኖችና ትሪዎች የተዘረዘሩት እዚያ ነው። ሲጨርሱ የፕሪንተሮችን ሁኔታ የሚያሳየውን የኤልፒስታት ትዕዛዝ በትንሿ ፒ ጠይቁት፣ መነሳቱን ይነግራችኋል፤ በትንሿ ኤ ደግሞ ሥራ መቀበሉን።