አጭር ሞገድ ማዳመጥ ምንድን ነው?

አጭር ሞገድ ማዳመጥ ማለት ከ3 እስከ 30 ሜጋኸርዝ ባለው የሬዲዮ ክልል ውስጥ ከሩቅ የሚመጡ ድምፆችን በራስ ሬዲዮን፣ በራስ አንቴናና በራስ ትዕግሥት ፈልጎ መስማት ነው። በጣቢያውና በአድማጩ መካከል የስልክ ኩባንያም ሆነ የኢንተርኔት መስመር የለም፤ ከአውሮፓ ወይም ከእስያ የተለቀቀው ሞገድ በሰማይ በኩል ተመልሶ በቀጥታ ቤት ይገባል። የዚህ የቅርብ ዘመድ የሆነው አማተር ሬዲዮ ደግሞ ፈቃድ ያገኙ ግለሰቦች፣ ለትርፍ ሳይሆን ለሙከራ፣ ለትምህርትና ለወዳጅነት ሲሉ፣ ባንድ በሚባሉ በተመደቡላቸው የሬዲዮ ክልል ክፍሎች እርስ በርሳቸው የሚገናኙበት ነው። ጀማሪ ከማዳመጥ ቢነሣ ይበጀዋል ብዬ አምናለሁ፤ የሞገዱን ጠባይ ያልለመደ ሰው ውድ ማሰራጫ ቢገዛም መቼና ወዴት እንደሚሰማ አያውቅምና።

ሞገዱ ራሱ ለአገራችን አድማጭ እንግዳ አይደለም። የብሥራተ ወንጌል ድምፅ የተባለው የሬዲዮ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1963 ከአዲስ አበባ ሥራ ጀምሮ በ1977 በመንግሥት እስኪወረስ ድረስ በአጭር ሞገድ ወደ አፍሪካና ወደ እስያ ያሰራጭ ነበር። የዶይቸ ቬለ የአማርኛ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1965፣ የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ክፍል ደግሞ በ1982 ሲጀመሩ ወደ ኢትዮጵያ የደረሱት በዚሁ መንገድ ነው። ሥርጭታቸው በተለያዩ ጊዜያት በአፈና ሞገድ ሲሸፈን፣ አድማጩ ያንኑ ዝግጅት በሌላ ሜትር ባንድ (በሞገዱ ርዝመት በሚጠራ ባንድ) ላይ መፈለግን ተለማምዶ ነበር። ይህ ልምድ ዛሬ በትርፍ ጊዜ ሥራነት ከሚታወቀው ጥበብ በምንም አያንስም።

ኤፍ ኤም ከአንድ ከተማና ከአካባቢው ብዙም ሳይርቅ አጭር ሞገድ አህጉር የሚያቋርጠው ለምንድን ነው? ምክንያቱ አዮኖስፌር የሚባለው የከፍተኛው ከባቢ አየር ክፍል ነው። የፀሐይ ጨረር በዚያ ከፍታ ያለውን ስስ አየር በኤሌክትሪክ የተሞላ ያደርገዋል፤ ተስማሚ ድግግሞሽ (ሞገዱ በሰከንድ የሚርገበገብበት ብዛት፣ በሜጋኸርዝ የሚለካው) ያለው ሞገድም እዚያ ሲደርስ ወደ ጠፈር ከማምለጥ ይልቅ ጎብጦ ወደ ምድር ይመለሳል። ዋናው መላሽ ከ250 እስከ 400 ኪሎ ሜትር ግድም ከፍታ ላይ የሚገኘው ኤፍ የተባለው ንብርብር ሲሆን፣ በአንድ ዝላይ እስከ 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሊያሻግር ይችላል። ሞገዱ ከምድር ተመልሶ እንደገና ሲነሣ ደግሞ ከዚያም በላይ ይሄዳል። በዚህም የተነሣ 300 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ጣቢያ ጨርሶ ሳይሰማ 3,000 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው ጥርት ብሎ ሊሰማ ይችላል፤ የቅርቡ ከዝላዩ በታች ቀርቷል ማለት ነው።

ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኘው ዲ የተባለው ንብርብር ግን የሚመልስ ሳይሆን የሚውጥ ነው። ቀን ቀን ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያላቸውን ሞገዶች ኃይል ይመጥጣል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ይከስማል። ለጀማሪ ከሁሉ የሚጠቅመው ሕግ የሚመነጨው ከዚህ ነው፦ ቀን ከፍ ያለ ድግግሞሽ፣ ሌሊት ዝቅ ያለ ድግግሞሽ። በቀን ብርሃን በ19 ሜትር ባንድ፣ ማለትም ከ15.1 እስከ 15.8 ሜጋኸርዝ፣ እና ከዚያ በላይ መፈለግ ያዋጣል፤ ሲመሽ ወደ 31 ሜትር፣ ከ9.4 እስከ 9.9 ሜጋኸርዝ፣ ሌሊት ደግሞ ወደ 49 ሜትር፣ ከ5.9 እስከ 6.2 ሜጋኸርዝ መውረድ ይገባል። በእኩለ ቀን 49 ሜትር ላይ ምንም አልሰማ ብሎ ሬዲዮኑን የሚወቅስ ሰው ጥፋቱ የሰዓቱ መሆኑን ልብ ሊል ይገባዋል። ከዚህ በላይ ደግሞ 11 ዓመት ገደማ የሚፈጅ የፀሐይ ዑደት አለ፤ ፀሐይ በምትነቃበት ዘመን ከፍተኛዎቹ ባንዶች ይከፈታሉ፣ በምትረጋጋበት ዘመን ይደክማሉ።

ኢትዮጵያ የመሬት መግነጢሳዊ ወገብ፣ ማለትም በሁለቱ መግነጢሳዊ ዋልታዎች መካከል ያለው መስመር፣ የሚያልፍባት አገር በመሆኗ እዚህ የሚያዳምጥ ሰው ሌላ ነገርም ያስተውላል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ባሉት ሰዓታት ከበላያችን ያለው ኤፍ ንብርብር አንዳንድ ቀን ይበጣጠስና ይታወካል፤ በዚያን ጊዜ ኃይለኛ ጣቢያ እንኳ ድምፁ በፍጥነት እየተርገበገበ ይሰማል። በአዲስ አበባ የሚገኘው እ.ኤ.አ. በ1958 የተቋቋመው የመግነጢሳዊ መስክ መመዝገቢያ ጣቢያም ይህን የወገቡን ሰማይ ለሚያጠኑ ሰዎች መረጃ ሲሰበስብ የኖረ ነው።

የጣቢያዎች የሥርጭት ሰሌዳ የሚጻፈው ዩ ቲ ሲ በተባለው ዓለም አቀፍ የሰዓት መለኪያ ስለሆነ ሒሳቡን ማወቅ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ከዩ ቲ ሲው 3 ይቀነሳል (ዩ ቲ ሲው ከ3 የማይበልጥ ከሆነ አስቀድሞ 12 ይደመርበታል)፤ ውጤቱ ከ12 ከበለጠ እንደገና 12 ይቀነሳል። 16 ሰዓት ዩ ቲ ሲ የተባለው ሥርጭት አዲስ አበባ ላይ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው፤ 4 ሰዓት ዩ ቲ ሲ ደግሞ ከጠዋቱ 1 ሰዓት።

ስለ መሣሪያው ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ድግግሞሹን በቁጥር የሚያሳይ፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሬዲዮን ለመነሻ ይበቃል። አማተሮችንም መስማት የሚፈልግ ሰው ግን ኤስ ኤስ ቢ የተባለውን የድምፅ ማስተላለፊያ ዘዴ የሚቀበል መሆኑን አረጋግጦ ይግዛ፤ አማተሮች በአጭር ሞገድ ላይ በአብዛኛው የሚነጋገሩት በዚህ ዘዴ ስለሆነ በተራ ሬዲዮን ንግግራቸው የማይለይ ጉርምርምታ ብቻ ነው። ከ7 እስከ 10 ሜትር የሚሆን የተሸፈነ የመዳብ ሽቦ ከሬዲዮኑ አንቴና ጋር አያይዞ በመስኮት ወደ ውጭ መዘርጋት ለውጥ ያመጣል፤ በተለይ ብረት በበዛበት የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ውስጥ ለሚኖር ሰው ይህ ግዴታ ነው ለማለት ይቻላል። የክረምት ነጎድጓድ ሲቃረብ ግን ሽቦው ወዲያውኑ መነቀል አለበት።

የዛሬው አድማጭ ትልቁ ጠላት የቤት ውስጥ ጩኸት ነው። የስልክ ቻርጀር፣ ኤል ኢ ዲ አምፖልና የቴሌቪዥን መቀበያ ሳጥን አጭር ሞገድን የሚበክል ድምፅ ይለቃሉ። የሰፈሩ መብራት ሲጠፋ ከዚህ ጩኸት አብዛኛው በአንድ ጊዜ ይቆማል፤ በባትሪ ሬዲዮን የያዘ ሰው ባንዱ በእርግጥ ምን እንደያዘ የሚያውቀው ያን ጊዜ ነው። ሽቦ መዘርጋት ፈጽሞ ለማይችል ሰው በኔዘርላንድ በትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘውን መቀበያ በኢንተርኔት በነፃ እያሽከረከሩ መስማት ይቻላል፤ የሚሰማው ግን የኔዘርላንድ ሰማይ እንጂ የራስ ሰማይ አይደለም።

ከማዳመጥ ወደ መነጋገር ለመሻገር የመንግሥት ፈቃድና የጥሪ ምልክት ግድ ነው። የኢትዮጵያ አማተሮች ምልክት የሚጀምረው ኢ ቲ በሚሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ሲሆን፣ በዓለም ባሉ አማተሮች ዘንድ የታወቀው ኢ ቲ 3 ኤ ኤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚገኘው የክበብ ጣቢያ ነው። በአሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖቻችን መንገዱ ቀና ነው፤ የመጀመሪያው እርከን ፈተና 35 ጥያቄዎች ሲኖሩት 26ቱን የመለሰ ያልፋል፣ የአሜሪካ ዜግነት አይጠየቅም፣ የሞርስ ኮድ ፈተናም እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ከሁሉም እርከኖች ቀርቷል። ፈተናው እስኪደርስ ድረስ በ14.000 እና በ14.350 ሜጋኸርዝ መካከል ያለውን የ20 ሜትር የአማተር ባንድ ከቀትር በኋላ ማዳመጥ የአጠራሩን ሥርዓት ያስተምራል።

ፈቃድ የሌለው አድማጭም ቢሆን ለሰማው ጣቢያ መጻፍ ይችላል። ቀኑን፣ ሰዓቱን በዩ ቲ ሲ፣ ድግግሞሹን፣ የድምፁን ጥራትና ከዝግጅቱ የሰማውን ዝርዝር አድርጎ ቢልክ፣ ብዙ ጣቢያዎች መስማቱን የሚያረጋግጥ ኪው ኤስ ኤል የተባለ ካርድ ይመልሱለታል። ዝርዝሩ በቂ መሆን አለበት፤ «ሙዚቃ ሰማሁ» የሚል ደብዳቤ ለጣቢያው ማስረጃ አይሆንም፣ በየደቂቃው የተነገረውን የያዘ ደብዳቤ ግን የማሰራጫው መሐንዲሶች ሞገዳቸው የት እንደደረሰ የሚያውቁበት ነው።