የኢንዴክስ ኤክስቴንሽን ዶክመንቴሽን ምንድን ነው?

ዳታቤዝ ነካ ነካ ያደረገ ሰው ኢንዴክስን ያውቃል። መጽሐፍ መጨረሻ ላይ እንዳለ የቃላት ማውጫ ነው። አንድ ረድፍ ሲፈለግ ቴብሉን ከላይ እስከ ታች ማንበብ ይቀርና ማውጫው ታይቶ በቀጥታ ቦታው ላይ ይደረሳል። ኤክስቴንሽንም እንግዳ ቃል አይደለም፤ ከዋናው ሶፍትዌር ውጭ ተጽፎ በኋላ የሚገጠም ተጨማሪ ኮድ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ የኢንዴክስ ኤክስቴንሽን ይሆናሉ። ዳታቤዙ በራሱ የማያውቀውን የፍለጋ ዘዴ ከውጭ ያስተምረዋል ማለት ነው። ዶክመንቴሽኑ ደግሞ ያ ዘዴ ምን እንደሚችል፣ ምን እንደማይችልና የት ላይ ጉድ እንደሚሠራ የሚናገረው ጽሑፍ ነው።

"የት ላይ ጉድ እንደሚሠራ" የምትለዋን ያዙልኝ። ነገሩ ሁሉ የሚሽከረከረው በእሷ ላይ ነው።

ሌላ ዓይነት ኤክስቴንሽን ሲበላሽ ይጮኻል። ፈንክሽን በስህተት ብትጠሩ ኤረር ይወረወርባችኋል። ኢንዴክስ ግን ዝምተኛ ነው። ያለ ቦታው ከተሠራ ዳታቤዙ ትቶት ያልፋል፤ መልሱ ይመጣል፣ ግን እየተጎተተ። ከዚያ የባሰው ደግሞ መልሱ በፍጥነት መጥቶ ጎዶሎ ሲሆን ነው። በሁለቱም ጊዜ ስክሪኑ ላይ አንድም የስህተት መልእክት አይታይም። ኢንዴክሱ የማይናገረውን ሰነዱ ካልተናገረለት፣ ሌላ የሚናገርለት የለም።

ምሳሌዎቼን ሁሉ ፖስትግሬስኪውኤል (በአጭሩ ፖስትግሬስ) ከሚባለው ዳታቤዝ ነው የማመጣው፤ ለዚህ ነገር ከእሱ የተሻለ መማሪያ አላውቅም። ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በ1986 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ፣ በማይክል ስቶንብሬከር መሪነት ሲጀመር ጀምሮ ሐሳቡ ተጠቃሚው የራሱን የዳታ ዓይነት፣ የራሱን ኦፕሬተር (እንደ "ያንሳል" ወይም "እኩል ነው" ያለ ማወዳደሪያ ምልክት) እና የራሱን የፍለጋ ዘዴ መጨመር ይችል ዘንድ ነበር። ሐሳቡ ቀድሞ ይምጣ እንጂ በሩ ሙሉ በሙሉ የተከፈተው ቆይቶ ነው። ኤክስቴንሽንን በአንድ ትእዛዝ መጫን የተቻለው እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው ቨርዥን 9.1 ነው። አዲስ የኢንዴክስ ዓይነት በወግ በትእዛዝ ማስመዝገብ የተቻለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016፣ በ9.6 ነው። ከዚያ በፊት የዳታቤዙን የውስጥ መዝገብ በእጅ መነካካት ይጠይቅ ነበር። በእጅ ተነካክቶም ቢሆን ያኔ ከውጭ የመጣ ኢንዴክስ ለውጡን በቅድመ ጽሑፍ ሎጉ (ለውጥ ሁሉ ቀድሞ በሚመዘገብበት ፋይል) ላይ ማስፈር ስለማይችል፣ ሰርቨሩ በድንገት ቢወድቅ ኢንዴክሱን ማመን አይቻልም ነበር።

ዛሬ ፖስትግሬስ ውስጥ አብረው የሚመጡት ስድስት ናቸው፦ ቢ-ትሪ፣ ሃሽ፣ ጂስት፣ ኤስፒ-ጂስት፣ ጂንና ብሪን። የራሱን መጨመር የሚፈልግ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ከእነዚህ በአንዱ ላይ ተደግፎ አዲስ የዳታ ዓይነት እንዲገባው ማድረግ ነው። የካርታና የቦታ ዳታ የሚይዘው ፖስትጂአይኤስ በጂስት ላይ የሚሠራው እንዲህ ነው። ሌላው ከመሠረቱ አዲስ የኢንዴክስ ዓይነት መጻፍ ነው። ሁለተኛው መንገድ ኮዱም ይከብዳል፣ የሚጠይቀው ጽሑፍም ይበዛል።

በሁለቱም መንገድ ግን አንድ ነገር ፊት ለፊት ይቆማል፤ ኦፕሬተር ክላስ ይባላል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። እሴቶችን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሮ የሚይዘው ቢ-ትሪ በራሱ "ያንሳል" ማለት ምን እንደሆነ አያውቅም። ቁጥርም ቀንም ጽሑፍም ለእሱ አንድ ነው። "ይሄ ከዚያ የሚያንሰው በዚህ ደንብ ነው" ብሎ አምስት ኦፕሬተሮችንና አንድ የማወዳደሪያ ፈንክሽን የሚያስረክበው ኦፕሬተር ክላሱ ነው። ውል በሉት። ኢንዴክሱ የሚመልሰው በውሉ ላይ በተጻፈ ኦፕሬተር የመጣ ጥያቄን ብቻ ነው።

እኔን አንዴ ግማሽ ቀን የበላኝ ይሄው ውል ነው። ፒጂቬክተር የሚባለው ኤክስቴንሽን ቬክተሮችን (የቁጥር ዝርዝሮችን) እየያዘ "ለዚህ የሚቀርበው የትኛው ነው?" የሚል ጥያቄ ይመልሳል። ቅርበት ግን በአንድ መንገድ ብቻ አይለካም። ቀጥተኛ ርቀት አለ፣ ኮሳይን አለ፣ የውስጥ ብዜት አለ፤ ለእያንዳንዱ የየራሱ ኦፕሬተርና የየራሱ ኦፕሬተር ክላስ አለው። ኢንዴክሱን በቀጥተኛ ርቀት ሠርቼ ጥያቄዬን በኮሳይን ጻፍኩ። ዳታቤዙ ምንም አላለም። ኢንዴክሱን ትቶ ቴብሉን ሙሉ ያነብ ነበር። ኤክስፕሌይን በሚባለው ትእዛዝ የአሠራር ዕቅዱን ስከፍት ነው ጉዱ የወጣው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሰነዱ ላይ ተጽፏል። ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ የማንኛውንም ኢንዴክስ ዶክመንቴሽን ስከፍት መጀመሪያ የማየው እያንዳንዱ ኦፕሬተር ክላስ ከኦፕሬተሩና ከአንድ ሙሉ የጥያቄ ምሳሌ ጋር ተጣምሮ መቀመጡን ነው። ስም ብቻ መደርደር አይበቃም። ፒጂቬክተር ራሱ ሌላም ቅድመ ሁኔታ አለው። ውጤቱ በርቀት ኦፕሬተሩ ከትንሽ ወደ ትልቅ መደርደርና በቁጥር መገደብ አለበት። ርቀቱን ከአንድ ቀንሳችሁ "ተመሳሳይነት" ብላችሁ በዚያ ብትደረድሩ ኢንዴክሱ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። በሒሳብ ያው ነው፣ ለኢንዴክሱ ግን ያው አይደለም። እንዲህ ያለውን ነገር ማንም በግምት አይደርስበትም።

አሁን ወደ ጎዶሎው መልስ እንምጣ። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚምታቱ ሁለት ጠባዮች አሉ፤ ጥሩ ሰነድ በግልጽ ይለያቸዋል።

አንደኛው ኢንዴክሱ ከሚገባው በላይ ረድፎችን ጠቁሞ ዳታቤዙ ወደ ቴብሉ ሄዶ የሚያጣራበት ነው። ብሉም የሚባለው ኤክስቴንሽን እንዲህ ነው። የእያንዳንዱን ረድፍ እሴቶች በትንሽ የቢት ፊርማ ያስቀምጣል፤ ካልነገሩት በቀር 80 ቢት ነው፣ ጣሪያው 4096። ሁለት የተለያዩ ነገሮች አንድ ፊርማ ሊጋሩ ስለሚችሉ የተሳሳተ ጥቆማ ይኖራል። መጨረሻ ላይ የሚደርሳችሁ መልስ ግን ትክክል ነው፤ የተከፈለው ዋጋ የማጣራት ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ኢንዴክሱ ያሉትን ረድፎች ሳያያቸው የሚያልፍበት ነው። የፒጂቬክተር ሁለቱ ኢንዴክሶች፣ ኤችኤንኤስደብሊውና አይቪኤፍፍላት፣ ግምታዊ ናቸው። ፍጥነት ያገኙት ሁሉንም ባለማየት ነው። እዚህ የሚጣራ ነገር የለም፤ ያልታየ ረድፍ አልታየም። የፒጂቬክተር ሰነድ ይህን አይደብቅም። ኢንዴክሱን ከጨመራችሁ በኋላ የምታገኙት ውጤት ከበፊቱ ሊለይ እንደሚችል ይናገራል። አንድ ወርቅ የሆነ ምሳሌም አለው። ኤችኤንኤስደብሊው ሲፈልግ ካልነገሩት በቀር 40 እጩዎችን ይይዛል። ጥያቄው ላይ ያለው ሌላ ማጣሪያ ደግሞ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ማጣሪያው ከረድፎቹ 10 በመቶውን ብቻ የሚያሳልፍ ከሆነ፣ በአማካይ እጃችሁ ላይ የሚቀረው 4 ረድፍ ነው። አሥር ጠይቆ አራት ያገኘ ሰው ዳታው የጠፋበት ይመስለዋል። አልጠፋበትም። ያቺን አንቀጽ አላነበበም።

ፓራሜትሮችም ላይ ያው ነው። "ይህ ቁጥር ካልተሰጠ 16 ነው" ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። አንባቢው የሚፈልገው ግን ቁጥሩን ከፍ ሲያደርግ ምን እንደሚያተርፍና ምን እንደሚከፍል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሐሳቡን ሲቀይር ኢንዴክሱን እንደገና መሥራት ይኖርበት እንደሆነ ነው። የ40ዎቹን እጩዎች ቁጥር ጥያቄ በምትጠይቁበት ሰዓት መቀየር ትችላላችሁ። ኤችኤንኤስደብሊው ቬክተሮቹን እርስ በርስ የሚያገናኝበት ግራፍ ሲሠራ የተወሰነውን 16 (የእያንዳንዱ ነጥብ የግንኙነት ጣሪያ) ግን ለመቀየር ኢንዴክሱ ከዜሮ ይሠራል። ትልቅ ቴብል ላይ ይህ ልዩነት የሰዓታት ልዩነት ሊሆን ይችላል።

የብሉም ሰነድ ሌላም የምወደው ነገር አለው፦ ምን እንደማይችል ለብቻው ይዘረዝራል። የሚሠራው ለእኩልነት ብቻ ነው። አብረውት የሚመጡት ኦፕሬተር ክላሶች ለመደበኛ ኢንቲጀርና ለጽሑፍ ናቸው። ድግግሞሽ መከልከል አይችልም። ባዶ እሴት ያለበትን ረድፍ ፈልጎ ማግኘት አይችልም። ከዚህ ሁሉ ጋር አሥር ሚሊዮን ረድፍ ያለው ምሳሌ ያቀርባል፤ ስድስት ኮለሞችን የያዘው ብሉም 153 ሜጋባይት፣ በእነዚያው ኮለሞች ላይ የተሠራው ቢ-ትሪ 386 ሜጋባይት። አንባቢው ሁለቱን አስቀምጦ ራሱ ይፈርዳል።

እንዲህ ያለ ዝርዝር ለመጻፍ ከየት ልጀምር ለሚል የራሴ ዘዴ አለኝ። ማንኛውም አዲስ የኢንዴክስ ዓይነት ራሱን ለፖስትግሬስ የሚያስተዋውቀው በአንድ ስትራክት (ብዙ መስኮችን አንድ ላይ በሚይዝ የኮድ መዋቅር) ነው። ውስጡ ኢንዴክሱን የሚሠሩ፣ ረድፍ የሚያስገቡ፣ የሚያጸዱ፣ ወጪ የሚገምቱና የሚፈልጉ ፈንክሽኖች አሉ። ከእነሱ ጎን "እውነት" ወይም "ሐሰት" የሚሞላባቸው መስኮች አሉ። ድግግሞሽ ይከለክላል ወይ? በቅደም ተከተል ይመልሳል ወይ? ከአንድ በላይ ኮለም ይይዛል ወይ? ባዶ እሴትን ፈልጎ ማግኘት ይችላል ወይ? "ሐሰት" የተሞላበት እያንዳንዱ መስክ ሰነዱ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር መሆን አለበት። ኮዱ ራሱ ረቂቁን ጽፎላችኋል።

እስካሁን ያወራነው ለተጠቃሚው ስለሚጻፈው ነው። ኮዱን ነገ ለሚረከበው ሰው የሚጻፈው ሌላ ነው፤ አንድ ላይ ሲቀላቀሉ ሁለቱም ይበላሻሉ። ፖስትግሬስ ለይቷቸዋል። የተጠቃሚው መመሪያ ለብቻው አለ፤ የቢ-ትሪ ኮድ በተቀመጠበት ፎልደር ውስጥ ደግሞ ሪድሚ የተባለ ረጅም ፋይል አለ። ብዙዎች ቢ-ትሪውን በአንድ ጊዜ ሲጠቀሙ ስለሚሠራበት የሌማንና ያዎ አልጎሪዝም፣ ስለ መቆለፍና የኢንዴክሱ ገጽ ሞልቶ ለሁለት ሲከፈል ስለሚሆነው ያትታል። ተጠቃሚው እሱን ማንበብ አይጠበቅበትም። ሦስተኛ ቦታም አለ፣ ብዙ ሰው ይረሳዋል፦ ዳታቤዙ ራሱ። ኢንዴክስ ዓይነቱ ላይም ኦፕሬተር ክላሱ ላይም ኮመንት የሚባለውን ትእዛዝ ተጠቅሞ አንድ መስመር መግለጫ መለጠፍ ይቻላል። ሌሊት ሰርቨር ላይ ተጥዶ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

ስለ አፕግሬድ ያልተጻፈበት ሰነድ ግማሽ ነው። አዲሱ ቨርዥን ዲስክ ላይ ያለውን አቀማመጥ ከቀየረ አሮጌው ኢንዴክስ እንደገና መሠራት አለበት፤ ያንን ማን ይንገር? አንዳንዴ ለውጡ ከኤክስቴንሽኑም ከዳታቤዙም ውጭ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የሊኑክስ መሠረታዊ ላይብረሪ፣ ግሊብሲ 2.28፣ የፊደል አደራደር ደንቡን ቀየረ። በአሮጌው ደንብ ተደርድረው የነበሩ የጽሑፍ ቢ-ትሪዎች ሳይታሰብ ተዛቡ። ቴብሉ ውስጥ ያለ ረድፍ ሲፈለግ "የለም" የሚባልበት ሁኔታ ተፈጠረ። ኢንዴክሳችሁ ከውጭ ባለ ደንብ ላይ የሚደገፍ ከሆነ፣ የትኛው ደንብ እንደሆነ በስሙ ጻፉት።

ድክመትን መጻፍ የሚያሳፍራቸው ሰዎች አሉ፤ ተጠቃሚ ይሸሻል ብለው። የፖስትግሬስን የራሱን የሃሽ ኢንዴክስ ታሪክ ልንገራቸው። ለዓመታት ለውጡ ሎግ ላይ አይሰፍርም ነበር። መመሪያው ላይም፣ ሰርቨሩ ከወደቀ ኢንዴክሱን እንደገና መሥራት ሊያስፈልግ እንደሚችልና መጠቀሙ እንደማይመከር የሚናገር ማስጠንቀቂያ ጉልህ ሆኖ ተቀምጦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ቨርዥን 10 ሲወጣ ሃሽ ሎግ ላይ መስፈር ጀመረ። ማስጠንቀቂያውም ከመመሪያው ወጣ።