ገናን በበጋ ሙቀት መቀበል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ በአውስትራሊያ በሜልቦርንና በአካባቢዋ የምንኖር ቤተሰቦች የጌታችንን ልደት የምንቀበለው ሙቀቱ አንዳንድ ቀን ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት፣ ፀሐይም ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል በኋላ በምትጠልቅበት ወቅት ነው። የአገሩ ሰው ዲሴምበር 25 ቤተ ዘመዱን ሰብስቦ፣ ጥላ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ የቀዘቀዘ የአሳማ ሥጋና ሽሪምፕ፣ ከእንቁላል ነጭና ከክሬም የሚሠራውን ፓቭሎቫም አቅርቦ ሲደሰት፣ እኛ ኅዳር 15 የጀመርነውን የነቢያት ጾም ገና አልፈታንም፤ ሁለት ሳምንት ያህል ይቀረናል።

ታዲያ ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ በዚያ ቀን ቢጠራን ምን እናድርግ? በእኔ እምነት መቅረት አይገባም። ሐዋርያው በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 14 የሚበላው የማይበላውን እንዳይንቅ፣ የማይበላውም በሚበላው ላይ እንዳይፈርድ አዝዟል። የምስር ሳምቡሳ በትሪ ይዞ የሚሄድ፣ ከቀረበው ፍራፍሬና ሰላጣ የሚበላ፣ ሲጠየቅም ጾም ላይ መሆኑን ሳያፍርና ሳይመጻደቅ የሚናገር እንግዳ ጾሙንም ጉርብትናውንም ይጠብቃል። (ሳምቡሳው ደግሞ ተርፎ አይመለስም።) ፊትን አጨፍግጎ ዳር ላይ መቀመጥ ግን ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 የከለከለው ጾም ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደው የልጆቻችን ጥያቄ ነው። በየሱቁ የሚያዩት የገና ካርድ በረዶ የተነሰነሰበት ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1938 ጀምሮ በሜልቦርን በገና ዋዜማ በሻማ የሚዘመረው መዝሙርም የሚሰማው በሞቃት የበጋ ምሽት ነው። እኛም በበኩላችን ሕፃኑ በግርግም በብርድ እንደተኛ፣ እንስሳቱም በትንፋሻቸው እንዳሟሟቁት እናስተምራቸዋለን። ልጁም በላብ የራሰ ሸሚዙን እየጎተተ «ጌታ ለምን በረደው?» ይላል። ይህን ጥያቄ በችኮላ አንለፈው፤ የምሥጢረ ሥጋዌ ትምህርት ሁሉ በውስጡ አለና። አምላክ እውነተኛ ሥጋ ስለ ለበሰ ሥጋ የሚሰማው ሁሉ ተሰማው። በቤተ ልሔም በትንፋሽ የተሟሟቀው እርሱ ሲያድግ በሰማርያ መንገድ ደክሞ፣ በቀትር ከያዕቆብ ጉድጓድ አጠገብ ተቀምጦ ውኃ ለመነ፤ በመስቀል ላይም «ተጠማሁ» አለ። ስለዚህ ብርዱን እንደ ሕፃን፣ ሙቀቱንም እንደ መንገደኛ የቀመሰ ጌታ አለን፤ ልጆቻችን ልደቱን ለማክበር የሌላ አገር በረዶ አያስፈልጋቸውም። እስከ 9 ሰዓት ሲጾሙ ጉሮሯቸው ቢደርቅ የዮሐንስ ወንጌልን ምዕራፍ 4 አብራችሁ አንብቡላቸው። ነፍሰ ጡሮች፣ ሕመምተኞችና አረጋውያን ግን በዚህ ሙቀት ከውኃ ከመከልከላቸው በፊት የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ።

ወደ ዝግጅቱ ስንመጣ፣ የእንጀራው ሊጥ በሙቀት ቶሎ ስለሚኮመጥጥ እናቶች የሚያቦኩበትን ሰዓት ያዘገያሉ፤ የዶሮውም ሽንኩርት ቤቱ እንዳይግል ጋራዥ ውስጥ፣ በሩ ተከፍቶ፣ በጋዝ ምድጃ ይቁላላል። ሙሉ የእሳት ክልከላ በታወጀበት ቀን ደጅ ላይ ከሰል ማቀጣጠል በሕግ ስለሚያስቀጣ ጀበናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይጣዳል። በ2009 ፌብሩዋሪ 7 በዚሁ በምንኖርበት በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት የተነሣው ቃጠሎ 173 ሰዎችን ገድሏልና ይህ ክልከላ የሚታለፍ አይደለም። የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ብዙ እናቶች ዋዜማውን ሙሉ በወጥ ሲደክሙ አምሽተው የሌሊቱ ማሕሌትና ቅዳሴ ያመልጣቸዋል። በልደት ድራማ ላይ የክረምት ልብስ የለበሰ እረኛ ሆነው የሚሠሩ ጎረምሶች ሽንኩርት መላጥ አያቅታቸውም፤ በዚያ ወቅት ትምህርት ቤት ተዘግቷልና ጊዜም አላቸው። አባቶችም ጃንዋሪ 7 የሕዝብ በዓል ስላልሆነ የሥራ ፈቃዱን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ሲጠይቁም የራሳቸውን ብቻ ሳይሆን ባለቤታቸውም እንድታገኝ ያስቡ።

ነህምያ በምዕራፍ 8 ሕዝቡን «የሰባውን ብሉ፣ ጣፋጩንም ጠጡ» ብሎ አላበቃም፤ ምንም ላልተዘጋጀላቸው ድርሻቸውን እንዲልኩ ጨመረ። በመካከላችን ቤተሰብ የሌላቸው ተማሪዎች፣ አዲስ የገቡ ስደተኞች፣ በዕለቱ በሆስፒታልና በአረጋውያን መኖሪያ ፈረቃ የሚውሉ እህቶችና ወንድሞች አሉ። ዶሮው ከመገዛቱ በፊት የእነርሱን ስም ጻፉ፤ በእነርሱም ልክ ግዙ። ቀን የሚሠራው ከቅዳሴ በኋላ በሚደረገው ማዕድ መገኘት ስለማይችል ድርሻው ፍሪጅ ውስጥ ተከድኖ ይቀመጥ፤ በማግስቱ በፕላስቲክ ዕቃ ከመላክ ይልቅ ግን ያንኑ ማታ ጥሩት። ከሥራ ወጥቶ 2 ሰዓት ላይ ቢደርስ እንኳ ገና አልመሸም፤ ቡናውም ለእርሱ እንደ አዲስ ይፈላ።