አውስትራሊያዊ የሚባለው ማን ነው?

መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም.፤ ለደመራ አንድ ቀን ቀርቷል። አዲስ አበባ ቀትር ነው፤ ሲድኒ መሽቷል። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ10 ሺህ ሜትር ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ብቻ ቀደመው። እኛ ያቺን ቀን የምናነሳት በዚህ ነው። አውስትራሊያውያን ግን ስለዚያው ምሽት ሲያወሩ መጀመሪያ የሚጠሩት ስም ሌላ ነው፤ ካቲ ፍሪማን።

ካቲ አቦርጂናል ናት። እንግሊዞች ከመምጣታቸው በፊት ምድሪቱን ይዘው ከኖሩት ነባር ሕዝቦች ወገን ማለት ነው። ያን ምሽት ከኃይሌ ቀደም ብላ፣ ከ110 ሺህ በላይ ሰው ፊት 400 ሜትሩን በ49.11 ሰከንድ ጨረሰች። ጮቤ አልረገጠችም። መሮጫው ላይ ቁጭ አለች። ትንሽ ቆይታ በባዶ እግሯ ስታዲየሙን ዞረች። የያዘችው ሁለት ባንዲራ ነው። አንዱ የአውስትራሊያ፣ ሌላው ጥቁርና ቀይ ሆኖ መሃሉ ላይ ቢጫ ክብ ያለበት የአቦርጂናል ሕዝቦች ባንዲራ። ከዚያ ምሽት ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ ካናዳ ላይ በኮመንዌልዝ ጨዋታዎች የአቦርጂናሉን ባንዲራ ስታውለበልብ የቡድኑ መሪ ወቅሷት ነበር። ሲድኒ ላይ ግን አገር ምድሩ አለቀሰ።

አውስትራሊያዊነት ምን እንደሆነ ለማወቅ ከእነዚህ ሁለት ባንዲራዎች መነሳት ይሻላል። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሰሜን አውስትራሊያ ውስጥ የተገኙ የቁፋሮ ቅሪቶች የነባሮቹን ታሪክ እስከ 65 ሺህ ዓመት ወደ ኋላ ይወስዱታል። እንግሊዞች ሲደርሱ ከ250 በላይ ቋንቋዎች ይነገሩ ነበር። ጃንዋሪ 26 ቀን 1788 ካፒቴን አርተር ፊሊፕ 11 መርከቦች አስከትሎ፣ ከ700 በላይ እስረኞች ጭኖ ሲድኒ ኮቭ ላይ ባንዲራውን ሰቀለ። ውል የለ፣ ስምምነት የለ። መሬቱ ባለቤት እንደሌለው ተቆጠረ። ይህን አስተሳሰብ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የሻረው በ1992 ነው። ከሳሹ ኤዲ ማቦ የሚባል ሰው ነበር፤ ከቶረስ ስትሬት ደሴቶች በአንዷ፣ በሜር የተወለደ። አስር ዓመት ተከራከረ። ፍርዱን ግን አላየም። አምስት ወር ሲቀረው ሞተ።

ስድስቱ ቅኝ ግዛቶች ተዋህደው አንድ አገር የሆኑት በ1901 ነው። አዲሱ ፓርላማ በዚያው ዓመት የስደተኞችን መግቢያ የሚገድብ ሕግ አወጣ። ዓላማው ነጭ ያልሆነ ሰው እንዳይገባ ነው። ሕጉ ግን ስለ ቆዳ ቀለም ትንፍሽ አይልም። ዘዴው የጽሕፈት ፈተና ነበር። ሹሙ 50 ቃላት ያነባል፤ መጪው ሰው ሰምቶ ይጽፋል። ቋንቋውን የሚመርጠው ሹሙ ነው፤ የትኛውም የአውሮፓ ቋንቋ ይሆናል። እንግሊዝኛ አሳምሮ የሚጽፍ ቻይናዊ ቢመጣ በሌላ ቋንቋ ይፈተናል። የፈተናው ውጤት ሰውየው ከመርከብ ሳይወርድ የታወቀ ነበር ማለት ይቻላል።

በ1934 ግን ፈተናው ራሱ ወደቀ። ኢጎን ኪሽ የሚባል የፕራግ ጋዜጠኛ ስለ ናዚዎች አደገኛነት ሊናገር በመርከብ መጣ። መንግሥት እንዳይወርድ ከለከለው። ሰውየው ሜልበርን ላይ ከመርከቡ ዘለለና እግሩን ሰበረ። ሲድኒ ሲደርስ ሌላ ችግር ገጠማቸው፤ ብዙ ቋንቋ ያውቃል። ስለዚህ በስኮትላንድ ነባር ቋንቋ፣ በጌሊክ፣ ፈተኑት። ክሱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሲደርስ ዳኞቹ ጌሊክ በሕጉ አነጋገር የአውሮፓ ቋንቋ አይባልም አሉ። በዚህ ውሳኔ ደግሞ እዚያው አገር ያሉ የስኮትላንድ ተወላጆች ተቆጡ! ፈተናው እስከ 1958 ቆየ። «ነጭ አውስትራሊያ» የተባለው ፖሊሲ ግብዓተ መሬቱ የተፈጸመው በ1973 ነው።

የሚገርመው፣ እስከ 1949 ድረስ «የአውስትራሊያ ዜጋ» የሚባል ሰው በሕግ አልነበረም። ሁሉም የእንግሊዝ ንጉሥ ተገዥ ነበር። ዛሬም የአገሪቱ ርዕሰ ብሔር ንጉሡ ናቸው። ሪፐብሊክ እንሁን ወይ ተብሎ በ1999 ሕዝበ ውሳኔ ሲካሄድ ወደ 55 በመቶው ሕዝብ «ይቅርብን» አለ። ነባሮቹ ሕዝቦች በመላ አገሪቱ በፌዴራል ምርጫ የመምረጥ መብት ያገኙት በ1962 ነው። ሕዝብ ሲቆጠር እነሱ እንዳይደመሩ የሚለው የሕገ መንግሥት አንቀጽ ደግሞ በ1967 ተሰረዘ፤ ከ90 በመቶ በላይ መራጭ ደግፎት። ካቲ ፍሪማን የተወለደችው ከዚያ ስድስት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መንግሥት «ካልበዛን እንጠፋለን» ብሎ ሰው ፍለጋ ወጣ። መጀመሪያ የፈለገው እንግሊዞችን ነው። አልበቃ ሲለው ከባልቲክ፣ ከጣሊያን፣ ከግሪክ አመጣ። በስኖዊ ተራሮች የውኃ ኃይል ግንባታ ላይ ብቻ ከ30 በላይ አገሮች የመጡ ከ100 ሺህ በላይ ሰዎች ሠርተዋል። ከ1970ዎቹ ወዲህ ቬትናሞችና ሊባኖሶች፣ ኋላም ሕንዶች፣ ቻይናውያንና የአፍሪካ ቀንድ ሰዎች ተከተሉ። በ2021 ቆጠራ ከሕዝቡ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ወይ ራሱ፣ ወይ ከወላጆቹ አንዱ ውጭ አገር የተወለደ ነው። ኤስቢኤስ የተባለው የሕዝብ ጣቢያ ከ60 በላይ በሆኑ ቋንቋዎች ያሰራጫል፤ አማርኛም አለበት። ሜልበርን ውስጥ ፉትስክሬይ የሚባለው ሰፈር ብቅ ያለ ሰው እንጀራ አያጣም።

ይህን ሁሉ ሰው ምን ያስተሳስረዋል? ብዙዎች ቀድመው የሚጠሩት አንዛክን ነው፤ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የዘመተውን የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ጦር። በየዓመቱ ኤፕሪል 25 ጎህ ሳይቀድ ሰው በየከተማው የጦር መታሰቢያ ዙሪያ ይሰበሰባል። ጨለማ ነው፤ ይበርዳል፤ ወሬ የለም። መለከት ይነፋል፤ የኅሊና ጸሎት ይደረጋል። የሚታሰበው በ1915 ቱርክ ውስጥ ጋሊፖሊ ላይ የወረደው ጦር ነው። ከ8 ሺህ በላይ አውስትራሊያውያን አልቀው ጦሩ ሳይሳካለት ተመለሰ። አድዋን እያከበረ ላደገ ሰው ይህ ግር ይላል። ሽንፈት እንዴት የአገር ኩራት ይሆናል? መልሳቸው ከውጤቱ ይልቅ ጓደኛቸውን ጥለው አለመሸሻቸውን ነው የምናስበው የሚል ነው። ሲረፍድ ነገሩ መልኩን ይቀይራል። መጠጥ ቤት ተሰብስበው ሳንቲም ወደ ላይ ይወረውራሉ፤ በሌላው ቀን በአብዛኛው ክልክል የሆነ ቱ-አፕ የሚባል ቁማር ነው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ከ1,000 በላይ ነባር ተወላጆችም ዘምተዋል። ለተመላሽ ወታደሮች መሬት ሲታደል ግን አብዛኞቹ አልደረሳቸውም።

ከአንዛክ ቀጥሎ የሚሰማው «ፌር ጎ» ነው፤ ለማንም ሰው እኩል ዕድል ይሰጠው እንደማለት። «ሜት» (ጓዴ) የሚለው አጠራር ደግሞ ለጓደኛም፣ ለማያውቁት ሰውም፣ ለአለቃም ይሆናል። አንቱታ የሚባል ነገር የለም፤ አለቃን በስሙ መጥራት ነው። ጉራ አይወደድም። ምርጫ ግዴታ ነው፤ ከ1924 ጀምሮ። በፌዴራል ምርጫ ያለ በቂ ምክንያት የቀረ 20 ዶላር ይቀጣል። የምርጫው ቀን ቅዳሜ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ወላጆች ቋሊማ ይጠብሳሉ፤ በዳቦ ተጠቅልሎ ይሸጣል። «የዴሞክራሲ ቋሊማ» ይሉታል። ለእኔ ከመዝሙሩም ከአርማውም ይልቅ አገሪቱን የሚገልጻት ይኸው የቋሊማ ሰልፍ ይመስለኛል።

የዜግነት ወረቀቱን ማግኘት ያን ያህል የተወሳሰበ አይደለም። በአብዛኛው አራት ዓመት መኖር ይጠይቃል፤ የመጨረሻው አንድ ዓመት በቋሚ ነዋሪነት፣ በፒአር መሆን አለበት። ከዚያ ፈተና አለ፤ 20 ጥያቄ፣ ማለፊያው 75 በመቶ። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስቱ ስለ አገሪቱ እሴቶች የሚጠይቁ ናቸው። ከእነዚህ አንዷን የሳተ ሌላውን ሁሉ ቢመልስም ወድቋል። ቀጥሎ ቃል መግባት ነው። ሁለት ዓይነት ነው፤ የእግዚአብሔር ስም ያለበትና የሌለበት፣ እንደ ምርጫዎ። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ አንድ የአቦርጂናል ሽማግሌ ተነስተው «ወደ ምድራችን እንኳን ደህና መጣችሁ» ይላሉ። ከንቲባው እጅ ይጨብጣል። መዝሙሩ ይዘመራል፤ እስከ 2020 «ወጣትና ነፃ ነን» ይል ነበር፤ 65 ሺህ ዓመቱ ሲታሰብ ወጣት ማለቱ ስላላስኬደ አሁን «አንድና ነፃ» ሆኗል። በብዙ ከተማ አዲሱ ዜጋ ሲወጣ ችግኝ ይሰጠዋል፤ አገር በቀል ችግኝ! ትናንት የመጣው ሰው እሷን ታቅፎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ይህ ሥነ ሥርዓት በብዙ ቦታ ከሚካሄድባቸው ቀኖች አንዱ ጃንዋሪ 26 ነው፤ ካፒቴን ፊሊፕ ባንዲራውን የሰቀለበት ቀን። አንዱ «የአውስትራሊያ ቀን» ብሎ ሥጋ ይጠብሳል፤ ሌላው «የወረራ ቀን» ብሎ ሰልፍ ይወጣል። ጭቅጭቁ የዛሬ ልጆች ያመጡት የሚመስላቸው አሉ። ነባር ተወላጆች ግን በ1938፣ 150ኛው ዓመት ሲከበር፣ ቀኑን የሐዘን ቀን ብለው ሲድኒ ላይ ተሰብስበው ነበር።

ከወረቀቱ ሌላ ያለው በር፣ በሰው ዘንድ እንደ አገር ልጅ መቆጠሩ፣ ነው የሚከብደው። በዲሴምበር 2005 ሲድኒ ክሮነላ የባሕር ዳርቻ ላይ 5,000 ያህል ሰው ተሰብስቦ መካከለኛው ምሥራቅ የሚመስለውን ሁሉ ሲያሳድድ ከተሰሙት መፈክሮች አንዱ «እኛ እዚህ አደግን፤ እናንተ በርራችሁ መጣችሁ» ይል ነበር። ከተባረሩት መካከል እዚያው ሲድኒ የተወለዱ ነበሩ። በርሮ ስላልመጣ ሰውም ታሪክ አለ። አዳም ጉድስ አቦርጂናል ነው፤ የአውስትራሊያ እግር ኳስ (ከእኛው የተለየ፣ በእጅም የሚጫወቱት) ኮከብ፣ የ2014 የዓመቱ አውስትራሊያዊ ተብሎ የተሸለመ። ስለ ዘረኝነት በግልጽ ስለተናገረ በ2015 ኳስ በነካ ቁጥር ተመልካች ይጮህበት ነበር። በዚያው ዓመት ጫማውን ሰቀለ። ሊጉ በ2019 ይቅርታ ጠየቀ።

ሕጉም ራሱ አንዳንዴ ግራ ይጋባል። ሕገ መንግሥቱ የሌላ አገር ዜጋ የሆነ ሰው ፓርላማ እንዳይገባ ይከለክላል። በ2017 ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ባርናቢ ጆይስ በአባታቸው በኩል የኒውዚላንድ ዜጋ ሆነው ተገኙ፤ እዚያው አውስትራሊያ ተወልደው፣ እዚያው አድገው። ወንበራቸውን አጡና በማሟያ ምርጫ ተመለሱ። በ2020 ደግሞ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ውጭ አገር ስለተወለዱና ዜግነት ስለሌላቸው ሁለት የአቦርጂናል ሰዎች ተጠየቀ። መንግሥት ሊያባርራቸው ነበር። ዳኞቹ 4 ለ 3 ሆነው አቦርጂናል የሆነ ሰው ወረቀት ባይኖረውም በዚያች ምድር ባዕድ ሊባል አይችልም አሉ። ሆኖም በ2023 ነባር ሕዝቦች ለፓርላማው ሐሳብ የሚያቀርቡበት አካል በሕገ መንግሥቱ ይቋቋም ወይ ሲባል 60 በመቶው መራጭ «አይሆንም» አለ። ስድስቱም ክፍለ ግዛቶች እንዲሁ።

ለኢትዮጵያዊው የቃለ መሐላው ቀን ሌላ ዋጋም አለው። አውስትራሊያ ከ2002 ወዲህ ሁለት ዜግነት መያዝን ሙሉ በሙሉ ፈቅዳለች፤ የድሮውን ተው አትልም። የምትለው ኢትዮጵያ ናት። የእኛ ሕግ ጥምር ዜግነት አያውቅም፤ የሌላ አገር ዜጋ የሆነ ሰው ኢትዮጵያዊነቱ በሕግ ይቀራል። የቀረለት ቢጫ ካርድ ነው፤ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው መታወቂያ። ያለ ቪዛ ያስገባል፤ ሥራም ያሠራል። መምረጥና መመረጥ ግን አይቻልም። እናም ቦሌ ሲደርስ ካንጋሮና ኢሙ ያለበትን ፓስፖርት በአንድ እጁ፣ ቢጫ ካርዱን በሌላው ይዞ ይሰለፋል።